በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል

እኛ መሥሪያ ቤት ሰውን ከሰው የሚያጣላው ደመወዝ ወይም ሹመት ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የሚያጣላው ኮምፒውተር ላይ ብቅ የሚል አንድ ጽሑፍ ነው፦ «ይህ መዝገብ በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል። እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ።» «እባክዎ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጨዋ ቃል ሰውን የሚያበርድ መስሎኝ ነበር።

ድርጅታችን ጭነት ያመላልሳል። አንድ ግቢ ሙሉ የጭነት መኪና፣ ከግቢው በላይ ጥቂት ፎቅ ቢሮ፣ ሁሉም ቢሮ በጋራ የሚሠራበት አንድ ሶፍትዌር አለን። እያንዳንዱ መኪና፣ እያንዳንዱ ደንበኛ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መዝገብ አለው። አንድ ሰው አንዱን መዝገብ ለማረም ሲከፍት ለሌላው ይቆለፋል፤ ሌላው ማየት እንጂ መንካት አይችልም። ይህን የምናደርገው ለክፋት አይደለም። ቁልፉ ከመበጀቱ በፊት ጋራዡ የአንድ መኪና የፊት ጎማ መቀየሩን ሲጽፍ ግዥ ክፍሉ በዚያው ቅጽበት የኋላውን ይጽፍ ነበር፤ ኋላ ያስቀመጠው የቀደመውን ደመሰሰውና መኪናው በሲስተሙ ላይ ያለ ፊት ጎማ ስንት አገር ሲያዳርስ ከረመ።

ሰዉ ቁልፉን መጀመሪያ ተቆጣው፣ ቀጥሎ ለመደው፣ ከዚያም ወደደው። ወንበር እንዳይወሰድበት ሹራቡን ጥሎ እንደሚሄድ ሰው መዝገብ ከፍቶ ምሳ ይሄዳል። ሒሳብ ክፍል የነበረች ልጅ አንድ ትልቅ ደንበኛ እንደያዘች ወሊድ ፈቃድ ወጣች፤ ኮምፒውተሯ ስለማይጠፋ ሕፃኑ ስም ወጥቶለትም ደንበኛው አልተፈታም ነበር። የእኔ የኮምፒውተር ባለሙያነት እንግዲህ ከፎቅ ፎቅ እየዞሩ «እባካችሁ፣ የከፈታችሁትን ዝጉ» ማለት ነው። ሹፌሮቹ «መፍቻ» የሚል ስም አወጡልኝ። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው።

ድሮ ጽሑፉ የያዘውን ሰው በስሙ ይጠራ ነበር። በስም ሲጠራ ግን ሰው ከወንበሩ ብድግ እያለ ወደተጠራው ክፍል መውረድ አመጣ፤ ገንዘብ ያዥዋና የመጋዘን ኃላፊው በዚሁ ሰበብ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ስለዚህ ስሙን አጥፍቼ «ሌላ ተጠቃሚ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ሰላም ግን ሰፍኗል።

የሰው ኃይል ኃላፊው ወደ ክፍሌ የመጣው በዚህ ሰላም መካከል ነው። «ደንቡ» እንለዋለን፤ «ደንቡ እንደሚለው» ሳይል አፉን ከፍቶ አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ቢያንስ መጣላት ይቻላል።

«መፍቻ፣ አንድ መዝገብ እምቢ አለኝ» አለ።

«ሌላ ተጠቃሚ ይዞት ይሆናል። ቆይተው ይሞክሩ።»

«ቆየሁ እኮ። ጠዋት ገብቼ እሞክራለሁ፣ ከምሳ መልስ እሞክራለሁ። በመሞከር ወር ሊሞላኝ ነው።»

«የማን መዝገብ ነው?»

ዞሮ በሩን ዘጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአማትህ» አለኝ።

አማቴ የስምሪት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የትኛው መኪና በዚህ ሰዓት የቱ ዳገት ላይ እንደሚያቃስት፣ የትኛው ሹፌር ሲዋሽ ድምፁ እንደሚቀጥን ያውቃሉ። ሹፌሮቹ «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ግቢ ውስጥ እንደ በሬ የሚያገሳው ጎረምሳ እሳቸው ፊት ሲቀርብ ኮፍያውን አውልቆ ነው። እኔንም እዚህ መሥሪያ ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸውን የዳሩልኝም እሳቸው ናቸው፤ ከሁለቱ በየትኛው ይበልጥ እንደሚጸጸቱ አልጠየቅኳቸውም። የጡረታ ዕድሜያቸው ባለፈው ወር ሞልቷል። ደንቡ መዝገባቸውን ከፍቶ የስንብት ቀን መጻፍ አለበት። ያ ቀን እስካልተጻፈ ድረስ ጡረታ የለም፣ ተተኪ የለም፤ ሲስተሙ እስከሚያውቀው ድረስ አማቴ ሠራተኛ ናቸው።

«ማን እንደያዘው አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

«ማን እንደያዘው አልጠየቅኩህም። ፍታልኝ ነው ያልኩት» ብሎ ወጣ።

ሰርቨሩን ከፍቼ አየሁ። መዝገቡን የያዙት ራሳቸው ባለመዝገቧ ነበሩ። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ሲገቡ ይከፍቱታል፣ ማታ ቢሮው ሲዘጋ ይዘጉታል። ሠራተኛ የገዛ መዝገቡን መክፈት እንዴት ቻለ ብትሉ፣ ሁሉም አድራሻውንና ስልክ ቁጥሩን ራሱ ያስተካክል ብዬ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ለዚያ ሐሳቤ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አንዲት ትዕዛዝ ጽፌ ላስለቅቃቸው እችል ነበር። ቁልፍ መስበር ለእኔ ከማስነጠስ አይከብድም። ግን የምንኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው፣ ማታ ማታ አንድ ገበታ እንቀርባለን። ወደ ስምሪት ክፍል ወረድኩ።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ወደ መኪናዎቹ ይከፈታል። አማቴ አንዱን ስልክ በትከሻና በጆሯቸው መካከል አጣብቀው፣ በእጃቸው መስኮቱን እያንኳኩ አንዱን ሹፌር «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» ይሉታል። ቢሮ ውስጥ እኔም እንደ ሰዉ «እትዬ» ነበር የምላቸው። በሩን ዘግቼ «እማማ» ስላቸው ስልኩን አስቀመጡት።

«ቤት ምን ሆነ?»

«ቤት ደህና ነው። መዝገብዎን ከፍተው እየተዉት ነው፤ ላስታውስዎ ብዬ ነው።»

«መች ተውኩት? ይኸው ፊቴ።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። አድራሻ በሚለው ሳጥን ውስጥ ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።

«አድራሻ ሊቀይሩ ነው?»

«አንተ የማታውቀው ቤት አለኝ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ተከፈተ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ምንድን ነበር የሚለው ያ ያንተ ጽሑፍ? ተይዟል ነው የሚለው?»

«በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል ነው የሚለው።»

«እሱ እንኳ እውነቱን ተናግሯል። ተይዟል። እየተጠቀምኩበት ነው።»

ስክሪኑን መልሼ ወደ እሳቸው አዞርኩት። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። «አየህ ልጄ፣ ያ ሰውዬ አንዲት ቀን ጽፎ ቤት ሊሰደኝ ነው። ቤት ገብቼ ምን እሆናለሁ? ቤቱን እንደሆነ ጋሼ ይዞታል።»

ስለ ጋሼ መናገር ግድ ነው። ጋሼ የሚስቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሌላ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ በወጡ ሰሞን አንድ ጥግ ተቀምጠው ዝም አሉ፤ ሁላችንም ሰጋን። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ከገቡ ወዲህ አልወጡም። መደርደሪያው ቁጥር አለው፣ ጣሳው ሁሉ ስም ተለጥፎበታል፣ ሽንኩርት በመጠን በመጠን ተለይቶ ይቀመጣል። ሲሠሩ በሩን ይዘጋሉ፤ ሰው እጀታውን ሲነካ ከውስጥ «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይላሉ። አማቴ አንድ ጊዜ ጨው ከነበረበት አንሥተው ሌላ ቦታ ቢያኖሩ ጋሼ እስኪመሽ ድረስ ቆጠራ ላይ ዋሉ። ምግቡ መጥፎ ቢሆን እኮ መሟገቻ ይገኝ ነበር። ክፋቱ ይጣፍጣል። አማቴ የገዛ ቤታቸው ሲገቡ እንደ እንግዳ የሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። ቢሮ ስለነበራቸው ግን አልከፋቸውም ነበር።

ለሚስቴ ነገርኳት። ሳህን እየደረደረች ነበር፤ ጋሼ ሳህን ላይ ብቻ ፈቅደውልን ነበር።

«እናቴን ከሥራ የምታስወጣት አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ አላስወጣም። ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜ እኮ ቁልፍ መስበር አይችልም። የምትችለው አንተ ነህ።»

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ሁሉንም የሚያስታርቅ ዘዴ ይዤ ተነሣሁ። አማቴን አላስወጣም፣ ደንቡንም አላሳፍርም። ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ የተከፈተ መዝገብ ለአሥር ደቂቃ ካልተነካ ሲስተሙ በራሱ ይለቀዋል። ሊለቀው ሲል «አሁንም እየሠሩበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» የምትለዋን ከተጫኑ እንደገና ይቆጥራል፤ ካልተጫኑ አለቀ። ለሁሉም እኩል፣ ማንም ላይ ያላነጣጠረ፣ በየትኛውም አገር ያለ ባለሙያ የሚያደርገው ነገር። ምርጥ ሥራ ነበር። ፈሪ ሰው ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ምርጡ ለሁሉም እኩል የሚሆን ሕግ ነው።

ሕጉ በወጣ በማግስቱ ሕንፃው ተተራመሰ። ከምሳ የተመለሰ ሁሉ ይዞት የሄደው ተለቆ፣ ሌላ ሰው ሠርቶበት ያገኛል። ገንዘብ ያዥዋ ደረጃ ላይ አግኝታኝ ሰላምታዬን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የምስጋና ወረቀት አልመጣም። ጋራዡ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልገውን መኪና ሳይለምን አገኘ።

አማቴስ? ሕጉን እንደማንኛውም ሠራተኛ በሰሌዳ ላይ አነበቡ፤ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ፤ አበቃ። ከሹፌር ጋር እያወሩ፣ ሳያዩ፣ በአንድ ጣታቸው የቤት ቁጥራቸውን የመጨረሻ አኃዝ ያጠፉና መልሰው ይጽፉታል። ጥያቄው ብቅ ሲል ከምንም ሳይቆጥሩ «አዎ» ይሉታል። ሻይ እንኳ ወደ ጠረጴዛቸው ማስመጣት ጀመሩ፤ ግቢ ወርደው መኪና መቃኘት ቀረ። ሹፌሮቹ «እትዬ ምን ሆኑ? ቁጣቸው ላላ» ሲሉ ሰማሁ።

በላይኛው ፎቅ ደግሞ ደንቡ ተቀምጧል። እሱም ዘዴኛ ሆኗል፤ «እንደገና ሞክር» የምትለዋን ቁልፍ ቀኑን ሙሉ ይጫናል። ታች አንዲት ሴት ላለመልቀቅ ይጫናሉ፣ ላይ አንድ ሰውዬ ለመያዝ ይጫናል፤ በመካከላቸው ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ሁለቱ በር ላይ ሲገናኙ አንዱ ለአንዱ መንገድ ይለቃል። «ደህና እደሩ እትዬ።» «ደህና እደር፣ ወንድሜ።» እንዲህ ያለ ትሕትና የጠላትነት ጣሪያ ነው።

እንዲህ እያልን ሳለን የጫጩቶቹ ቀን ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ የአማቴ ማተሚያ ወረቀት እየነከሰ አስቸግሮ ጠረጴዛቸው ሥር ተንበርክኬ ገመዱን እየፈተሽኩ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ገና አዲስ የተቀጠረ ሹፌር ነው፤ ካርቶን ሙሉ ጫጩት ጭኖ ዳገቱ አናት ላይ ራዲያተሩ ፈንድቶበታል። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጭነቱ የተዘጋ ነው፣ ልጁ ለቅሶ ቀረሽ ሆኗል። ድምፁ እየተቆራረጠ ስለነበር አማቴ ተነሥተው ሞገድ ወደሚሻለው መስኮት ሄዱ።

«መጀመሪያ በሩን ክፈትላቸው» ሲሉ ሰማሁ። «ሁለቱንም በር። ጥላ አለ? ዛፍ የለም? ሸራውን ፈተህ በጎን ወጥረው። አታልቅስ፣ ጫጩቶቹ ይበቁናል።»

በሌላው ስልክ ደግሞ ከዚያ ማዶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ፈልገው አገኙ፤ ሹፌሩ ደክሞኛል ቢል «ድምፅህ ቀጠነ» አሉትና መንገዱን አስለወጡት። ከዚያ ለደንበኛው ደወሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ለልጁ። ጀርባቸውን ለክፍሉ፣ ፊታቸውን ለመኪናዎቹ ሰጥተው ቆመዋል። ትከሻቸው ቀና ብሎ ነበር። እንዲህ ሆነው ካየኋቸው ሰንብቼአለሁ።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ስል ስክሪኑ ላይ ጥያቄዬ ወጥቶ ነበር፦ «አሁንም እየሠሩበት ነው?» ከሥሩ ሰከንዱ ወደ ኋላ ይቆጥራል።

«እማማ» አልኩ። «እማማ፣ ስክሪኑ።»

ዞር አሉ። አዩኝ፣ ስክሪኑንም አዩት፤ ምን እንደሆነ በደንብ ገባቸው። ያኔ ልጁ በስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። አማቴ መዳፋቸውን አንሥተው ቆይ የሚል ምልክት አሳዩኝና ወደ መስኮቱ ተመለሱ። «እሰማሃለሁ፣ ንገረኝ» አሉት።

«አዎ» የምትለዋ ቁልፍ ከጣቴ አንድ ስንዝር አትርቅም ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ነው። የሰው ኮምፒውተር መንካት ክልክል ነው የሚል ሕግ አለ፤ ያንንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቆይ ብለውኛል፣ ስለዚህ ቆየሁ። ያን መዳፍ እንደ ትዕዛዝ ቆጠርኩት፤ ምክንያቱም ተመችቶኝ ነበር። እኔ ሳልሆን ሰዓቱ ሊያደርገው ነው። ሰከንዱ አለቀ፣ መዝገቡ ተለቀቀ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ደንቡ «እንደገና ሞክር» የምትለዋን ተጫነ።

ደንቡ የጻፈው ቀን ያለፈው ወር ቀን ነው፤ ደንቡ እንደሚለው ዕድሜያቸው የሞላበት ቀን። ቀኑ ያለፈ ስለሆነ ሲስተሙ አልዘገየም። የተሰናበተ ሠራተኛ መግቢያ ወዲያው ይዘጋ ብዬ በቅልጥፍና የሠራሁት ሥራ ነበር። ሁሉ ነገር ያለ እንከን ሠራ።

አማቴ ስልኩን ጨርሰው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ደረሰላቸው» አሉኝ። «ጭነቱን እያዛወሩ ነው።» የመኪናውን ለውጥ ለመመዝገብ ተቀመጡ። ስክሪኑ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቃቸው። ጻፉ። «ይህ ተጠቃሚ አይታወቅም» አላቸው። እንደገና ጻፉ፤ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ የተሳሳቱ እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ። እንደገና አይታወቅም አለ።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «እማማ...» አልኩ።

«መኪናው ሳይመዘገብ ኬላ አያሳልፉትም» አሉ። «ባንተ ስም አስገባልኝ።»

እሳቸው እየነገሩኝ በእኔ ስም አስገባሁት። ጫጩቶቹ ሳይመሽ ደረሱ። የምስጋናውን መልእክት ሲስተሙ ለእኔ ላከው።

ደንቡ ራሱ ወርዶ ነገራቸው። «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለ፤ ከልቡ ነው። ድርጅቱ በክብር ሸኛቸው፤ ንግግር ተደረገ፣ ሹፌሮቹ ኮፍያቸውን አውልቀው በተርታ ቆሙ። በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። ሰዓት። እኔን ሳያማክሩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል አማቴ እንደ ወትሮው ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ከመኝታ ቤት ወጡ። የውጭውን በር አዩት። ከዚያ ዞረው ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱና እጀታውን ነኩ።

«ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሉ ጋሼ ከውስጥ። ቢላዋው እንጨቱ ላይ ሲመታ ይሰማል፤ እኩል፣ እኩል፣ እኩል።

አማቴ እጃቸውን ከእጀታው አነሡ። ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ፊታቸው ላይ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

«ይኸኛውን በስንት ደቂቃ ነው የምትፈታው?» አሉኝ።

ገብቼ በሩን ልክፈትልዎ እንዳልል ያ በር የእኔ አይደለም። አማቴ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር ሳቡ፤ ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት አስቀምጠው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ተቀመጡ።

«ሂድ፣ ሥራ ይረፍድብሃል» አሉኝ። «እኔ ቆይቼ እሞክራለሁ።»